ቪዲን፡- መሬቱ ተመልሶ ባለመሬቱ ያልተመለሰበት አውራጃ

በእንዲህ ዓይነቱ የምስረታ በዓል መጽሔት ስንት ኩንታል እህል እንደተሰበሰበ፣ ስንት ማዳበሪያ እንደተሰራጨና ለአባላት ምን ያህል የትርፍ ክፍፍል እንደደረሰ መዘርዘር የተለመደ ነው። ያ ሁሉ በሌሎች ገጾች ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ከአገራችን ወጣ ብለን በቡልጋሪያ ሰሜን ምዕራብ ጥግ የሚገኘውን የቪዲን አውራጃ እንቃኛለን። አውራጃውን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከ1850 ወዲህ የቪዲን ገበሬ መሬት የተነፈገ ጭሰኛ ነበር፤ ባለመሬት ሆነ፤ መሬቱን ለማኅበር አስረከበ፤ በመጨረሻም መሬቱ ተመለሰለት። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ግን ከመላው ቡልጋሪያ ነዋሪው በፍጥነት የሚመናመንበት አውራጃ ሆኖ ተገኝቷል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምድሩና ውሃው

የቪዲን አውራጃ የቆዳ ስፋት 3,033 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በሰሜንና በምሥራቅ የዳኑብ ወንዝ ከሮማኒያ ይለየዋል። በምዕራብ ከሰርቢያ ጋር ይዋሰናል፤ በዚህ አቅጣጫ የቲሞክ ወንዝ የድንበሩን ጫፍ ይዞ ወርዶ ከዳኑብ ጋር ይቀላቀላል። በደቡብ በኩል ምድሩ ከፍ እያለ ሄዶ የስታራ ፕላኒና ተራሮች ይጀምራሉ። ከሰርቢያ ጋር በሚዋሰነው ጫፍ ላይ የቆመው የሚጁር ተራራ 2,168 ሜትር ይደርሳል። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ይህ ከፍታ የወይና ደጋ ያህል ቢሆን ነው፤ በዚያ አገር ግን በረዶ የሚከመርበት፣ ከበጋ በቀር ከብት የማይወጣበት ተራራ ነው።

በተራራውና በወንዙ መካከል ያለው ሜዳና ዝቅተኛ ኮረብታ የአውራጃው ጎተራ ነው። በጥንት ዘመን ነፋስ አምጥቶ የከመረው ደቃቅና ቢጫማ አፈር ሜዳውን ሸፍኖታል። በላዩ የበቀለው ሣር ለሺህ ዓመታት እየበሰበሰ ጥቁር አፈር ፈጥሮበታል። ይህ ጥቁር አፈር እንደ እኛ መረሬ ክረምት የሚጨቀይ፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ አይደለም። ልል ነው፤ ለማረስ አያስቸግርም፤ ውሃም በመጠኑ ይይዛል። ስንዴ በጥቅምት ተዘርቶ፣ ክረምቱን ከበረዶ ሥር አሳልፎ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይታጨዳል። በቆሎና ሱፍ በጸደይ ይዘራሉ። በዳኑብ ዳር ያሉት ኮረብቶች፣ በተለይም ኖቮ ሴሎ የተባለችው ሠፈር አካባቢ፣ ጋምዛ በሚባል ጥቁር የወይን ዘር የታወቁ ናቸው። ቡልጋሪያ ውስጥ የወይን ሥር የሚያደርቀው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውም በዚሁ በቪዲን አካባቢ በ1884 ነበር። ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ የወይን ተክል ተነቅሎ፣ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ግንድ ላይ እየተዳቀለ እንደገና መተከል ነበረበት።

ዳኑብ በረከትም ጣጣም ያመጣል። በ1942 ክረምት ማብቂያ የቀለጠው በረዶ ወንዙን ዘግቶ የቪዲንን ከተማ አጥለቅልቋል። በ2006 ጸደይም ወንዙ ለረጅም ዓመታት ያልታየ ከፍታ ደርሶ የዳርቻው ነዋሪ አሸዋ በጆንያ እየሞላ ግድብ ሲያጠናክር ሰንብቷል።

ወደ ደቡብ ሲኬድ ቤሎግራድቺክ የተባለችው ትንሽ ከተማ በቀይ የአለት ዓምዶች ተከባ ትገኛለች። ሮማውያን፣ ቡልጋሪያውያንና ኦቶማኖች በየተራ ምሽግ የሠሩት አለቶቹን ራሳቸውን እንደ ግንብ እየተጠቀሙ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የቅድመ ታሪክ ሰዎች በሌሊት ወፍ ኩስ ሥዕል የሣሉበት የማጉራ ዋሻ አለ። ዛሬ በዋሻው አንድ ክፍል ውስጥ የሚያብለጨልጭ የወይን ጠጅ ይቀመጣል። ዋሻው ዓመቱን ሙሉ ቅዝቃዜው ስለማይለዋወጥ ለወይን ጠጅ የተሠራ ጎተራ ያህል ያገለግላል።

የአውራጃው ዋና ከተማ ቪዲን በሮማውያን ዘመን ቦኖኒያ ትባል ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ ኢቫን ስራትሲሚር የራሱን መንግሥት ይዞ የተቀመጠባት ስትሆን በ1396 በኦቶማኖች እጅ ወድቃለች። ባባ ቪዳ የተባለው ግንብ እስከ ዛሬ በወንዙ ዳር ቆሟል። የከተማዋ ታሪክ በነገሥታት ብቻ ቢተረክ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ለእኛ ግን የሚያስፈልገን የገበሬው ታሪክ ነው።

የ1850ው የገበሬዎች አመጽ

ኦቶማን ቱርክ በ1839 ተገዢዎቹ ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን አወጀ። አዋጁ ቪዲን ሲደርስ ግን መሬቱን አልነካም። በዚህ አካባቢ የመንግሥት መሬት የሚያዘው ለአገሬው ሙስሊም ባላባቶች በሚሰጥ ሰነድ ነበር። እነሱም አጋ ይባላሉ። ክርስቲያኑ ገበሬ መሬቱን ያርሳል፤ ባለይዞታ ሊሆን ግን አይችልም። በመሆኑም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንዴ ለመንግሥት አሥራት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ለአጋው ከምርቱ ድርሻ፣ ከዚያም በላይ ያለ ክፍያ የጉልበት ሥራ፣ እንጨትና ሌላም ያቀርባል። ሥርዓቱ ጎስፖዳርሊክ ይባላል፤ «የጌትነት ሥርዓት» እንደማለት ነው። ሲሶና እርቦ ሲከፍሉ የኖሩ አያቶች ያሉን እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

በ1850 በሰኔ ወር የቪዲን፣ የቤሎግራድቺክና የሎም ገበሬዎች ተነሱ። መሣሪያቸው በአብዛኛው ዱላ፣ ማጭድና መጥረቢያ ነበር። የቤሎግራድቺክን ምሽግ ለመያዝ ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ የባላባቶቹ ጭፍራም በመንደሮች ላይ ተለቆ ብዙ ሰው ፈጀ። ይሁን እንጂ ገበሬዎቹ በዚህ አላቆሙም። ተወካዮቻቸው እስከ ኢስታንቡል ድረስ ሄደው አቤት አሉ። በአቤቱታቸው ውስጥ ከምንም በላይ የተደጋገመው ጥያቄ መሬት ነበር። መንግሥትም የአጋዎቹን ይዞታ በመርህ ደረጃ ለማንሳትና መሬቱን በክፍያ ለአራሹ ለማስተላለፍ ተስማማ። የክፍያው ነገር ግን ለዓመታት ሲያወዛግብ ቆየ። «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር በእኛ አገር ከመሰማቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የቪዲን ገበሬ ጥያቄውን አንስቶ ነበር ማለት ነው።

ከአመጹ አሥር ዓመት በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። ከሩሲያ ክራይሚያ የተሰደዱ ታታሮች በአካባቢው እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ገበሬዎችም ቤት እንዲሠሩላቸውና መሬት እንዲያካፍሏቸው ተገደዱ። በዚህ የተማረሩ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ የአውራጃው ሰዎች በ1861 በተራቸው ወደ ሩሲያ ተሰደዱ፤ አብዛኞቹ ግን እዚያም ስላልተመቻቸው ተመልሰው መጡ። ያን ጊዜ የተሰደደው ሰው መልሶ የመጣው መንደሩ ውስጥ የሚያርሰው ነገር ስለነበረው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

ቁርጥራጭ ማሳና ጥቂት ልጆች

ቡልጋሪያ በ1878 የራሷ መንግሥት ከኖራት በኋላ ብዙ ቱርኮች አገሩን ለቀው ሄዱ፤ መሬታቸውንም የቡልጋሪያ ገበሬዎች ገዙት። አገሪቱ የትናንሽ ባለይዞታዎች አገር ሆነች። በ1921 የገበሬዎች ፓርቲ መሪ የነበረው አሌክሳንደር ስታምቦሊይስኪ መንግሥት አንድ ቤተሰብ ሊይዘው የሚችለውን የእርሻ መሬት በ30 ሄክታር ሲገድብ፣ በአብዛኛው ገበሬ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አልነበረም፤ አብዛኛው ገበሬ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበረውና። በ1934 በተደረገው ቆጠራ የአንድ ገበሬ ይዞታ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ ከ5 ሄክታር በታች ነበር፤ ይህም በአንድ ቦታ ሳይሆን ከአሥር በላይ በሆኑ ቁርጥራጭ ማሳዎች የተበታተነ ነው።

ለቁርጥራጩ ምክንያት የሆነው ውርስ ነው። አባት ሲሞት እያንዳንዱ ማሳ ለልጆች ይሸነሸናል። የሰሜን ምዕራብ ገበሬ ለዚህ ያገኘው መላ ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው የሚያስገርም ነው፤ ልጅ ማሳነስ ጀመረ። አካባቢው በቡልጋሪያ የወሊድ ቁጥር ቀድሞ ከቀነሰባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። እንግዲህ የቪዲን የሕዝብ መመናመን ሥሩ ከሶሻሊዝምም ከካፒታሊዝምም በፊት የተተከለ ነው።

ሌላው መላ ማኅበር ነበር። በቡልጋሪያ የመጀመሪያው የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር በ1890 በሚርኮቮ መንደር፣ በሶፊያ አካባቢ ተቋቁሟል። ስሙ ኦራሎ ነው፤ «ማረሻ» ማለት ነው። በ1907 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ የብድርና ቁጠባ፣ የግብዓት አቅርቦት፣ የወተትና የወይን ጠጅ ማኅበራት በየመንደሩ ተስፋፉ። በእነዚህ ማኅበራት ገበሬው ማሳውን እንደያዘ በብድርና በገበያ ብቻ ይተባበር ነበር። ዛሬ በእኛ አገር ዩኒየኖች የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ቴካዜሴ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ በ1945 የወጣው ሕግ አዲስ ዓይነት ማኅበር አመጣ። «የሥራ ኅብረት የእርሻ ድርጅት» ይባላል፤ በቡልጋሪያኛ ምህጻረ ቃሉ ቴካዜሴ ነው። ገበሬው መሬቱን፣ በሬውን፣ ማረሻውንና ጋሪውን ያስገባል፤ ለራሱ የሚቀረው ከሁለት እስከ አምስት ዴካር፣ ማለትም ከግማሽ ሄክታር ያልበለጠ የጓሮ ቦታ ነው። በወረቀት ላይ ባለቤትነቱ አልተሰረዘም፤ መጀመሪያ ላይ የመሬት ኪራይም ይታሰብለት ነበር። ኪራዩ ከጊዜ በኋላ ቀረ። መልባና ወልባ የሚሉት ቃላት ለሚታወሷቸው አንባቢያን የዚህ አካሄድ ደረጃዎች እንግዳ አይሆኑባቸውም።

አግባቡ በውዴታ ነው ቢባልም በተግባር ግዴታ ነበር። ማኅበር ያልገባ ገበሬ ለመንግሥት የሚያቀርበው የእህል ኮታ ይከብድበታል፤ ልጁ ትምህርት ቤት መግባት ይቸገራል፤ ስሙም «ኩላክ» ተብሎ ይመዘገባል። በ1950 እና በ1951 በሰሜን ምዕራብ ቡልጋሪያ፣ በዚሁ አውራጃ በኩላ አካባቢ ጭምር፣ ገበሬዎች ተነሱ። ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ከማኅበሩ በረት ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ቤታቸው መለሱ፤ ማሳቸውንም ለብቻ ማረስ ጀመሩ። አመጹ በፖሊስ ኃይል ተገታ። መንግሥት ለጥቂት ጊዜ ቀዝቀዝ ብሎ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ እንደገና ገፋበት፤ አሥር ዓመቱ ሲያልቅ ከሞላ ጎደል የአገሪቱ የእርሻ መሬት በሙሉ በማኅበራት ውስጥ ገብቶ ነበር።

ስለ ቴካዜሴ ክፉውን ብቻ መናገር ግን ሚዛን መሳት ነው። ትራክተርና ኮምባይን የገባው በእነሱ ነው። ቁርጥራጭ ማሳዎች ኩታ ገጠም ሆኑ፤ መስኖ ተዘረጋ፤ ገበሬው ጡረታ አገኘ። በሌላ በኩል ደግሞ ማሽኑ የሰው ጉልበት ሲተካ ወጣቱ ወደ ከተማ ፈለሰ። ቪዲን ከተማ ውስጥ የኬሚካልና የጎማ ፋብሪካ፣ የውሃ ፓምፕ ፋብሪካና ሌሎችም ስለተከፈቱ በርካታው የገጠር ወጣት ከአውራጃው ሳይወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነ። ከ1970 ጀምሮ በርካታ ቴካዜሴዎች እየተጣመሩ ግዙፍ «የእርሻና ኢንዱስትሪ» ድርጅቶች ተባሉ፤ ውሳኔው ከመንደሩ ይበልጥ ራቀ። በዚህ ዘመን ያደገ ልጅ የአያቱ ማሳ የቱ እንደሆነ አያውቅም። ድንበሩ ታርሶ ጠፍቷልና።

መሬቱ ሲመለስ

በኅዳር 1989 የቶዶር ዢቭኮቭ አገዛዝ ወደቀ። በየካቲት 1991 የወጣው የእርሻ መሬት ሕግ መሬቱ ከማኅበር በፊት ለነበሩት ባለቤቶች ወይም ለወራሾቻቸው እንዲመለስ ደነገገ። በ1992 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ ቴካዜሴዎቹ በሙሉ እንዲፈርሱ ተወሰነ። ለዚህም በየመንደሩ የማፍረሻ ኮሚቴዎች ተሾሙ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ኮሚቴዎቹ ትራክተሩን፣ በረቱን፣ መጋዘኑንና ከብቱን ለአባላት እንደየድርሻቸው አከፋፈሉ፤ ወይም በጨረታ ሸጡ። ሦስት ላም የደረሰው የ70 ዓመት አዛውንት በረት የለውም፤ መኖ የለውም፤ የወተት ገበያም የለውም። ብዙ ከብት ታረደ ወይም ተሸጠ። የመስኖ ቧንቧና የበረት ጣሪያ እየተነቀለ ለብረታ ብረት ገዢ ተሸጠ። በእኛ አገር በ1990 የቅይጥ ኢኮኖሚ ውሳኔ ከታወጀ በኋላ የአምራቾች ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ ሲበተኑ ንብረቱ እንዴት እንደባከነ ያዩ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልዩነቱ በእኛ አገር መሬቱን የተካፈለው እዚያው ያለው አራሽ መሆኑ ነው።

በቪዲን ግን መሬቱ የተመለሰው በ1946 አካባቢ ለነበረው ባለቤት ስም ነው። ያ ሰው በአብዛኛው ሞቷል። ወራሾቹ አራት ወይም ስምንት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ በሶፊያ መሐንዲስ፣ ሌላዋ በቫርና ነርስ፣ ሌላው ቪዲን ከተማ ጡረተኛ ነው። የመሬት ኮሚሽን የድሮ መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝና የምስክር ቃል እያገላበጠ፣ በሚቻልበት ቦታ የድሮውን ድንበር፣ በማይቻልበት አዲስ ክፍፍል እያወጣ፣ ሥራው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። ሕጉ አንድ የእህል ማሳ በውርስ ክፍፍል ከ3 ዴካር በታች እንዳይቆረጥ ከልክሏል። ለዚህም ነው ብዙ ማሳ በአምስትና በስድስት ሰው የጋራ ስም የቀረው፤ ማንም ለብቻው አይሸጠው፣ አያርሰው።

አዲስ በጎ ፈቃድ ማኅበራትም ተቋቁመው ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ በመላ አገሪቱ ወደ 3 ሺህ የሚሆኑ የእርሻ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሠሩ ነበር። ብዙዎቹ የድሮ ትራክተር ይዘው፣ የአባላቱን መሬት እያረሱ ኪራዩን በዱቄትና በዘይት የሚከፍሉ ነበሩ። በ2010 ከ1 ሺህ በታች ወረዱ። የወደቁበት ዋና ምክንያት አባላቱ ማርጀታቸው ነው። አባሉ ሲሞት ከተማ ያለው ወራሽ ከማኅበሩ ይልቅ ጥሬ ብር ለሚከፍለው ትልቅ ተኮናታሪ አራሽ ያከራያል።

ቡልጋሪያ ጥር 1 ቀን 2007 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን በሄክታር የሚከፈል ድጎማ መጣ። ብዙ ሄክታር የያዘ ብዙ ድጎማ አገኘ። በ2010 በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ 370 ሺህ የነበረው የእርሻ ይዞታ ቁጥር በ2020 ወደ 132 ሺህ አሽቆልቁሏል። መሬቱ ጦም አላደረም፤ እየታረሰ ነው። አራሾቹ በየዓመቱ በወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው ኩታ ገጠም እንዲሆንላቸው ማሳ ይለዋወጣሉ። ባለቤቱ ያልቀረበለት ወይም ውል ያልተፈረመበት ማሳ በካርታው ላይ «ነጭ ነጠብጣብ» ይባላል፤ ያም በስምምነቱ ተከፋፍሎ ይታረሳል፤ ኪራዩ በባለቤቱ ስም ይቀመጣል። የዚህ አሠራር ብልሃቱ አይካድም። ይሁንና አንድ አራሽ በዘመናዊ ኮምባይን ቀድሞ ብዙ መቶ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረውን ሜዳ ሲያጭድ፣ ከአጠገቡ ያለው መንደር የመኸር ሠራተኛ አያስፈልገውም።

የሕዝቡ ቁጥር

በ2001 ቆጠራ የቪዲን አውራጃ ሕዝብ 130,074 ነበር። በ2011 ወደ 101,018 ወረደ። በ2021 ደግሞ 75,408 ሆነ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከመቶ 42 እጅ ጠፋ ማለት ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 25 ሰው ብቻ ይኖራል፤ የመላ ቡልጋሪያ አማካይ ከ58 ይበልጣል። በአገራችን አንድ መካከለኛ ወረዳ ከዚህ አውራጃ የሚበልጥ ሕዝብ ይይዛል።

አውራጃው 11 ማዘጋጃ ቤቶች አሉት። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ በቪዲን ከተማ ይኖራል። የተቀረው እንደ ኩላ፣ ብሬጎቮ፣ ግራማዳ፣ ዲሞቮ፣ ማክሬሽና ሩዢንትሲ ባሉት ተበትኗል። በቦይኒትሳ ማዘጋጃ ቤት ሥር ያሉት መንደሮች በሙሉ ተደምረው ከ1 ሺህ ሰው በታች ናቸው። ከአሥር ነዋሪ ሦስቱ ገደማ ከ65 ዓመት በላይ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ቡልጋሪያዊ ሲሆን በዳኑብና በቲሞክ ዳር ባሉ መንደሮች የሮማኒያ ቋንቋ ዓይነት የሚናገሩ ቭላኾች ይኖራሉ። ሮማዎችም አሉ፤ ከሌላው ወጣትነት የሚታይባቸው እነሱ ናቸው። በከተማዋ በ1894 የተሠራው ትልቅ ምኩራብ ምዕመናኑ ከ1948 በኋላ ወደ እስራኤል ስለሄዱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጣሪያው ወድቆ ቆይቶ፣ ታድሶ በ2023 የባህል ማዕከል ሆኖ ተከፍቷል።

ሰዎቹ የሄዱት ረሃብ አባሯቸው አይደለም። ፋብሪካዎቹ ከ1989 በኋላ ተራ በተራ ተዘጉ። ከ2007 በኋላ ደግሞ የጣሊያን፣ የስፔንና የጀርመን በር ተከፈተ። በ1861 ወደ ሩሲያ የሄደው ሰው ለማሳው ሲል ተመልሷል፤ በዚህ ዘመን የሄደው ግን ማሳው ተከራይቶ ኪራዩ በባንክ ስለሚደርሰው መመለሻ ምክንያት የለውም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ቪዲንን ከሮማኒያዋ ካላፋት ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ተመረቀ። ከዚያ በፊት በሁለቱ አገሮች መካከል በዳኑብ ላይ የነበረው ድልድይ በ1954 በሩሴ የተሠራው አንድ ብቻ ነበር፤ ቪዲን ላይ መኪና የሚሻገረው በጀልባ ነው። ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በየቀኑ ከባድ መኪናዎች ከማዕከላዊ አውሮፓ ወደ ቱርክና ግሪክ ያልፉበታል። ጥር 1 ቀን 2025 ደግሞ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ የነበረው የፓስፖርት ፍተሻ ቀርቷል፤ ስለዚህ መኪናዎቹ ቀድሞ ለፍተሻ የሚቆሙበትም ቦታ አሁን ሳይቆሙ ያልፋሉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው በሐምሌ ይታጨዳል፤ ምርቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሳይፈጭ በጭነት መኪናና በዳኑብ ጀልባ ወደ ሌላ አገር ይጫናል።